የኔታ ያልጠፋብኝን ሲፈልጉ

ወተት የሸተተኝ በጾም ነው። ማርቆስ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ለታመመ ሕፃኗ ከፔርሙስ ትኩስ ወተት ቀድታ፣ እንዲበርድላት ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ትገለብጣለች። ወተት ሲገላበጥ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የጭስም የሣርም ነገር ነው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አፍንጫዬ አልደረሰም ነበርና ፊቴን አዞርኩ። ሴትዮዋ አየችኝ።

"ምነው አባቴ፣ አስጠላዎት እንዴ?"

"አይ፣ አጠጪው። ለታመመ ይፈቀዳል" አልኳት።

ያችን ቃል ከአባቴ አፍ ነው የሰማኋት። እኔ ራሴ የተናገርኳት ግን ያን ቀን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የመጣነው በልጅ ልጄ በመቅደስ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ተርፋለች። ከመታመሟ በፊት ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ፣ አሁን መምህሩ የነገራትን እቤት ሳትደርስ ትረሳዋለች። አባቷ ጌትነት፣ የኔ ልጅ ማለት ነው፣ አምበር ከተማ ላይ እህል ይነግዳል። "ሰንፋ ነው፤ በሽታውን ሰበብ አርጋዋለች" ይላል። በኩርኩም ሲላት አይቼ ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት "የልጆችን አእምሮ የምትመረምር ባለሙያ ማርቆስ አለች፤ ስንፍና ይሁን በሽታ እሷ ትለይላችሁ" ያለችን።

መቅደስ ጠዋት ገባች፣ ፀሐዩ ከረረ፣ አልወጣችም። በሩ ገርበብ ሲል አያታለሁ። ባለሙያዋ ባለቀለም ኩቦች ደርድራ "አንቺም እንደዚህ አርጊልኝ" ትላታለች። ቁጥር ትነግራትና ከኋላ ወደ ፊት ታስቆጥራታለች። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ። ጌትነት ቁጭ ብድግ አበዛ።

"ይሄማ ጨዋታ ነው አባዬ። ለጨዋታ ነው ሱቄን ዘግቼ የመጣሁ?"

"ዝም ብለህ ጠብቅ።"

"እርስዎ ደሞ እንዲህ ያለ ምርመራ የት ያውቃሉ?"

አውቃለሁ አላልኩትም። ወተቱ እንደገና ሸተተኝ።

እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጠዋት ከደጅ የተረሳ ውኃ በረዶ የሚሠራበት አገር ነው። አባቴ ቄስ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የየኔታ ጎጆ አለች። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው። ብርሃናቸው የጠፋው ጎልማሳ ሆነው፣ ተምረው ካበቁ በኋላ ነው። እኛ ሠላሳ የምንሆን ልጆች በየመጽሐፋችን ላይ አቀርቅረን ባንድ ላይ እንጮሃለን፤ እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው ከሠላሳው ጩኸት መሃል የሳተውን ነቅሰው ያወጣሉ።

"ፈንታ! አንዲት ቃል በላህ!"

"አልበላሁም የኔታ!"

"ጉሮሮህ ላይ ናት፤ ትፋት!"

ፈንታ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ሁልጊዜ ቃል ይበላል። እኔ አልስትም ነበር። ለመኩራራት አይደለም፤ አልስትም ነበር። አባቴም ይህን አይቶ የአያቴን የብራና መጽሐፍ ሰጠኝ። ከፋሲካ በኋላ ጳጳሱ ማርቆስ ላይ ለልጆች ድቁና ሲሰጡ እኔንም ሊያቀርበኝ ቆርጧል። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ "ዛሬ ምን ተማርክ?" ይለኛል። እለዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። ግንባሩ ላይ የተጋደመችው ሥር ስትረግብ ደስ ብሎታል ማለት ነው። እኔ የምማረው ያችን ሥር ለማርገብ ነበር ብል ከእውነቱ አልራቅሁም።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ራሴን ያዘኝ። አንገቴ አልታጠፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙውን አላውቀውም። የጣራው ማገር ሲዞር ትዝ ይለኛል፣ የእናቴ እጅ ቅዝቃዜ ትዝ ይለኛል። ከዚያ አፌ ውስጥ ወተት ገባ። እናቴ እያለቀሰች በማንኪያ ታጠጣኛለች። አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ "ስጪው፤ ለታመመ ይፈቀዳል" አለ። ጣፈጠኝ። እኔ ጥፋት ነው ብዬ የያዝኩት መጠጣቴን አልነበረም፤ መጣፈጡን ነው።

ድኜ፣ በእግሬ ቆሜ ወደ የኔታ ተመለስኩ። መጽሐፌን ገለጥኩ።

ማዶ አገር ገበያ ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ሰዉ ሞልቷል፤ ሁሉም ዓይን አለው፣ ሁሉም አፍንጫ አለው፤ ስሙን የምታውቁት ግን አንድ የለም። ፊደሉ እንዲያ ሆነብኝ። ቀዩ ቀለም ቀይ ነው፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ከቦታው አለ። አንዱም ማን እንደሆነ አላወቅሁትም። ቀና ብዬ ልጆቹን አየሁ። እንደ ወትሯቸው ይጮሃሉ። የጠፋው ከኔ ብቻ ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ወተቱ ነው። ፊደል ጾመኛ ነው፤ በጾም ወተት የጣፈጠውን ልጅ አይቀርብም። እንዲያ ብዬ ቆረጥኩ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁ።

እስኪመለስልኝ መደበቅ ነበረብኝ። መጽሐፉን እስከደረስኩበት ድረስ ብዙ ጊዜ ከመመላለሴ የተነሳ በቃሌ ይዤዋለሁ። ፊደል መጠቆሚያ ስንደዶዬን ከመስመሩ ላይ እየጎተትኩ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሲያዩኝ የማነብ እመስላለሁ። በጎን ደሞ ቅጣቴን ራሴ ጀመርኩ። የኔ ዕድሜ ልጅ እስከ ቀትር ቢጾም ይበቃው ነበር፤ እኔ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እህል አልቀምስም። እናቴ የምትሰጠኝን ቂጣ ለውሻችን እጥላለሁ። ውሻው ወፈረ። እናቴ "ይሄ ውሻ ሁዳዴ ተስማማው!" እያለች ትገረማለች። እኔ አጥር እየተደገፍኩ እሄዳለሁ። በየቀኑ መጽሐፉን ገልጬ አያለሁ። የለም።

ሞኝነቴ የባሰው ለፈንታ የነገርኩት ቀን ነው። አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ፈልጌ፣ የፊደሉን ደብቄ "በጾም ወተት ጠጣሁ" አልኩት። በማግስቱ ሠላሳው ልጅ ሰምቷል። ስሜ ቀረና "ጥጃው" ተባልኩ። እንጨት ለቀማ ስንወጣ ከኋላዬ "እምቧ!" ይላሉ። አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። የየኔታ ጎጆ ጠባብ ናት፤ ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት። በኔ ግራና ቀኝ ግን ሁለት ልጅ የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ አለ። ብርዱ በዚያ በኩል ይገባል።

አባቴ ሦስት ማታ ያንኑ ትምህርት ሲሰማ ጠረጠረ። መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ ገና ካልደረስኩበት ገልጦ "ከዚህ በል" አለኝ። አየሁት። የተወሳሰበ ፈትል ይመስላል።

"በል እንጂ።"

ስንደዶዬን መስመሩ ላይ አኖርኩ፤ ከዚያ አላለፈም።

"ለግመህ ነው! ሁለት ሳምንት ተኝተህ ልግመት ለመድህ!"

አለንጋ ከግድግዳው አወረደ። ምን ልበላችሁ፣ እጁ ከባድ ነበር። እኔም ግትር ነበርኩና አላለቀስኩም። አለማልቀሴ ደሞ የባሰ ልግመት መሰለው። እናቴ ዘመዶቿን አማክራ "ዓይነ ጥላ ነው" ተባለች፤ ሰባት ጠዋት ጸበል ወሰደችኝ። ከጮቄ የወረደ ውኃ ነው፣ አጥንት ይነክሳል። ከደጀ ሰላሙ በር ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር። ራሴን ሳላደርቅ እየሮጥኩ ሄጄ አየዋለሁ፤ ተመልሶልኝ እንደሆነ። በሰባተኛው ቀንም ጽሑፉ እንደ በሩ ሳንቃ ዝም አለኝ። እናቴ ነጠላዋን አልብሳኝ "አየህ ልጄ?" አለችኝ። "አየሁ" አልኳት። በሕይወቴ ለናቴ የዋሸኋት ትልቁ ውሸት ይኸው ነው።

የያዙኝ የኔታ ናቸው፤ ከሁሉም ማየት የማይችሉት። አንድ ቀን ልጆቹን ዝም አስባሉና "ሞላ፣ ብቻህን በል" አሉኝ። ስንደዶዬን እየጎተትኩ አንድ ቃል ሳልስት ወጣሁት።

"ሞላ።"

"አቤት የኔታ።"

"ቅጠሉን ማን ገለጠልህ?"

"እኔው ነኝ የኔታ።"

"አልሰማሁም። ብራና ሲገለጥ ይናገራል። አራት ቅጠል የሚፈጅ ነገር ብለህ አንዱን አልገለጥክም።"

ፈንታ "እምቧ" ሊል ሲጀምር የኔታ በትራቸውን መሬት መቱ። "ሁላችሁም ውጡ፤ እንጨት አምጡልኝ። ፈንታ፣ አንተ ከደጅ ቁም፤ እፈልግሃለሁ።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። አለንጋ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን "ና ጠጋ በል። የጠፋብህን አውቀነዋል። ያልጠፋብህን እንፈልግ" አሉኝ።

አምስት ቀን ፈለጉ። መጀመሪያ ከእንቅባቸው እህል እያነሱ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እንድለይ አደረጉኝ፤ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን። ለየሁ። ዓይኔን ገልጬም እንድለይ አደረጉኝ። ለየሁ። "ከቤትህ እስከዚህ ድረስ መንገዱን ምራኝ" አሉኝ፤ ተቀምጬ በአፌ መራኋቸው፣ የትኛው አጥር ጋ ድንጋይ እንዳለ ሳይቀር። ከሠላሳ ወደ ኋላ አስቆጠሩኝ። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል አምስት አምስት አድርገው ሰጡኝና ነፋስ እንድቀበል ደጅ ልከው ሲያስመልሱኝ ጠየቁኝ። ይዤዋለሁ። በየቀኑ ሲያበቁ "መልካም፣ ይቺም አለች" ይላሉ። ከታመምኩ ወዲህ አለህ ያለኝ ሰው አልነበረምና፣ ለዚያች ቃል ስል በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ እደርሳለሁ።

በአራተኛው ቀን ከምድጃው አመድ ዘርግተው "ስምህን ጻፍ" አሉኝ። አባቴ አስተምሮኝ ነበር። በጣቴ ጻፍኩ። ፈንታን ጠሩት።

"ምን ይላል?"

"ሞላ ይላል የኔታ።"

"አንተስ ሞላ፣ ምን ይላል?"

አመዱን አየሁት። ገና ጣቴ ላይ አመዱ አለ። ምን እንደሚል አላወቅሁም።

"አሁን እኮ ራስህ ጻፍከው!" አለ ፈንታ። ሳይስቅ ነው ያለው። ፈርቷል።

ዛሬም እንዲሁ ነኝ። ይህን የምታነቡትን በእጄ ነው የጻፍኩት። መልሼ ላንብበው ብል ግን እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ ሄጄበት ነው። የዚያን ጊዜ ይህን ብልሃት የሰጡኝ የኔታ ናቸው። ፈንታን አስወጡና መዳፌን ያዙ። ጥፍራቸው ሻካራ ነው። በመዳፌ ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

"ማነው?"

"መ" አልኩ፣ ሳላስበው።

ሌላ ጻፉ። "ለ።" ሌላም ጻፉ። እጄ ያውቃቸዋል! በየተራ ሁሉም መጡ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። የኔታም እጄን አልለቀቁም።

"የኔታ፣ ወተቱ ይቅር አለኝ ማለት ነው?"

"የምን ወተት?"

ነገርኳቸው። ጾሙን፣ ውሻውን፣ ሁሉንም። የኔታ ቆባቸውን አስተካከሉ። "ወተቱ ምንም አላረገህም። እህል ብላ፤ ዛሬውኑ ብላ" አሉኝ።

በአምስተኛው ቀን አባቴን አስጠሩት። በቅሎውን ከአጥሩ አስሮ ገባ።

"ቄስ፣ ተቀመጥ።"

"ቆሜ እሰማለሁ የኔታ።"

"ተቀመጥ እኮ ነው የምልህ! አንተንም እዚሁ አፈር ላይ ነው አስቀምጬ ያስተማርኩህ።" ተቀመጠ። "ልጅህ አልለገመም።"

"በዓይኔ እያየሁት የኔታ!"

"አንተ አየኸው፤ እኔ ሰማሁት። ስማኝ። የድሮው ትምህርቱ አለ። አዲስ ቃል ብሰጠው ይይዛል። ቁጥሩ አለ። እጁ ይጽፋል። በመዳፉ ላይ ብጽፍለት ያነባል። ከዓይኑ ወደ ልቡናው የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው የተቆረጠ። የቆረጠውም በሽታው ነው።"

አባቴ ወደኔ አላየም። "ይመለስለታል?" አለ።

"እኔ እንጃ። የማላውቀውን አልነግርህም።"

"ታዲያ ጳጳሱ ፊት ምን ብዬ ላቅርበው?"

"ዘንድሮ አይደርስም። በጆሮው ላስተምረው እችላለሁ። ረጅም መንገድ ነው፤ ያንተን እርዳታ ይፈልጋል።"

አባቴ "ከእንግዲህ አላስጨንቀውም" አለ።

"አስጨንቀው አላልኩህም። ተወውም አላልኩህም" አሉ የኔታ። አባቴ ግን ተነስቶ ነበር፤ የሰማ አልመሰለኝም።

ከደጅ ሲደርስ ብብቴን ይዞ አነሳኝና ከራሱ በቅሎ ኮርቻ ላይ አስቀመጠኝ። ልጓሙን ይዞ በእግሩ ከፊት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም። ፈተናውን ያለፍኩ መሰለኝ። ልጆቹ ይዩኝ ብዬ እንደ ሙሽራ ቀጥ አልኩ። ከወንዙ ማዶ አንድ ጎረቤታችን አገኘን።

"ቄስ፣ እንዴት ዋሉ? ምነው፣ ልጁ ምን ሆነ?"

አባቴ "ታሟል" አለ።

"ድኛለሁ እኮ" ልል አፌን ከፈትኩ። ሰውየው "እግዜር ይማርልዎ" ብሎ አለፈ። የአባቴን ጀርባ እያየሁ እቤት ደረስን። ያን ጊዜ ነው ዕንባዬ የመጣ፤ በአለንጋ ያልመጣው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም። አለንጋው እንደተሰቀለ አቧራ ለበሰ። ቤተሰቡ ሁሉ ሹሮ ሲበላ ለኔ ለብቻዬ ወተት ይቀርብልኛል፤ ታማሚ ነኛ። ራት ሲያበቃ አባቴ ዓይኑን ይጨፍንና "ዛሬ ምን ተማርክ?" ይላል። እኔ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። የሚጠይቀው ታናሽ ወንድሜን ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ገና ፊደል ላይ ነው። እኔ የኔታ በጆሮዬ የሰጡኝን ብዙ ነገር ይዣለሁ። አዘጋጅቼ፣ በልቤ ሁለት ጊዜ ወጥቼው ነው የምጠብቀው። ዛሬ ይጠይቀኝ ይሆናል እላለሁ። ወንድሜ ሲጨርስ አባቴ ተነስቶ ይተኛል። አለንጋው ናፈቀኝ ብል ታምኑኛላችሁ?

ከፋሲካ በኋላ ልጆቹ ማርቆስ ሄደው ዲያቆን ሆነው ተመለሱ። ፈንታ ሳይቀር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "እምቧ" አላለኝም። "እንዴት ነህ?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ለበሽተኛ እንደሚባለው። ክረምቱ ሲገባ የኔታ ዘንድ መሄዴ ቀረ። አትሂድ ያለኝ የለም። ሂድ የሚለኝ ጠፋ እንጂ። የኔታ ሁለት ጊዜ ልከውብኝ ነበር። አባቴ "ይረፍ፣ ልጁ ይረፍ" ብሎ መለሰላቸው።

ባለሙያዋ በሩን ከፍታ "የመቅደስ ቤተሰቦች፣ ግቡ" አለችን። መቅደስ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ ኩቦቹን ትደረድራለች። ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት፤ ጥርት አድርጋ ነው የምታስረዳ። ልጅቷ አልሰነፈችም፤ የምታየውን ትይዛለች፤ በጆሮ ብዙ ነገር በአንዴ ሲነገራት ነው የሚያመልጣት። በአጭር በአጭሩ ይነገራት፣ ይደጋገምላት፣ ከፊት ትቀመጥ፤ ከስድስት ወር በኋላ መልሳችሁ አምጧት። ጌትነት አንገቱን ደፋ። የመታበት እጁን በሌላው እጁ ሲያሽ አየሁ። ክፉ ሰው አይደለም።

"እንግዲህ አላስቸግራትም" አለ። "ትምህርቱም ይቅርባት፤ ዋናው ጤናዋ ነው። እቤት ትረፍ።"

መቅደስ ኩቡን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ደስ ያላት ይመስላል። ያቺን ደስታ አውቃታለሁ።

"አይሆንም!" አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ መሰለኝ።

"ምኑ ነው የማይሆን አባዬ?"

ባለሙያዋ በእጇ ዝም አሰኘችንና "አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ከቤተሰባችሁ ከበሽታ በኋላ እንዲህ የሆነ ሰው ነበረ?" አለች።

"የለም" አለ ጌትነት ቶሎ ብሎ።

"አለ" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው፤ ለናንተ የነገርኳችሁን ያህል እንኳ አይሆንም። ስጨርስ ወደ ጌትነት ዞርኩ። "በኩርኩም አትንካት። ግን ጠይቃት። በየቀኑ ጠይቃት። ብትሳሳትም ጠይቃት፣ ዝም ብትልህም ጠይቃት። ይህን የተውክ ቀን ከኔ ጋር ተጣላን።"

ጌትነት አርባ ዓመት አልፎታል። ያልተማርኩ ገበሬ ነኝ ብዬው ኖሬያለሁ፣ እሱም አምኖኝ ኖሯል። አሁን ፊቴን እንደ ሰው ፊት ሳይሆን እንደ ደብዳቤ ያየዋል።

"አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ሳይነግሩኝ ኖሩ?"

"ማን ጠይቆኝ?" አልኩት።